መጨረሻው

ከመገናኛ ድልድይ ሥር፣ ከላስቲኩ ላይ መርጬ፣
መቶ ሰማንያ ብር ከፍዬ፣ በብብቴ ሸጉጬ፣
የአባዶን አውቶቡስ ሰልፍ ያዝኩ።
ሽፋኑ ላይ ዓይን አለ፤ በብሌኑ መሐል አንቴና፤
ከጀርባው፦ «ሐሳብ የሚሰሙ ሰዎች! የሚያሳድዳቸው መንግሥት!
አንዴ ከጀመሩት አያቆሙትም!»
እኔ ግን ጀመርኩት፣ አቆምኩት፤
ጀመርኩት፣ አቆምኩት፤
አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፣ መብራት የጠፋበት ተቀንሶ።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ስም በሌለው አገር፣
ሳይነገር የሚሰሙ ልጆች፣ የሰው የልብ ነገር፣
ይወለዳሉ። መንግሥትም ፈርቶ
ቁልፍ የምታህል ብረት ይቀብራል፣ ጆሯቸውን ከፍቶ።
አንዱ፣ ስሙ ቁጥር ነው፣ ሰባት ይባላል፣
ብረቱን ነቅሎ በመስኮት ይዘላል።
ከዚያማ ሩጫ ነው፣ ከጣራ ወደ ጣራ፣
ሳይርበው፣ ሳይደክመው፣ ታክሲ ሳይጠራ።
አሳዳጆቹ ጥቁር ለባሽ ናቸው፣ በጠራራ ፀሐይም፤
ሰባት ሐሳባቸውን ይሰማል፤ ሐሳባቸው ሁልጊዜ
«አሁን እገድለዋለሁ» ነው።
አንዱ እንኳን የቤት ኪራይ አያስብም።
አንዱን እንኳን ጫማው አይጠበውም፣
የልጁ ሳል አያስጨንቀውም።

ምዕራፍ ሃያ ሦስት ላይ መብራት ሄደ፤ በስልኬ ብርሃን ቀጠልኩ።
ባትሪው አራት በመቶ ሲል ሰባት ማማው ላይ ወጣ፤
ሦስት ሲል ማማው ፈነዳ፤
ሁለት ሲል ሕዝቡ ነፃ ወጣ፤
አንድ ሲል ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።
ከተራራው በኩል ጅብ ጮኸ። ስልኬ ጠፋ።
ጨለማው ውስጥ፣ ለራሴ፣ «ይኸው ነው?» አልኩ።

«ምኑ?» አሉኝ ከግድግዳው ማዶ ወይዘሮ ትብለጥ።

ግድግዳችን ብሎኬት ነው፤
ብሎኬቱም፣ ተቋራጩ ይመስገንና፣ ግማሹ አየር ነው።
እሳቸው ደመወዜ ማለቁን ከድስቴ ክዳን ያውቃሉ።
እኔም አውቃለሁ፦ ልጃቸው መርሻ
«ለትንሽ ጥያቄ» ተብሎ በሌሊት ከወረደ ወዲህ
ማታ ማታ ሁለት ሳህን ያቀርባሉ።
ቆይተው ሁለቱንም ያጥባሉ።
ያልተበላበት ሳህን ሲታጠብ ድምፁ ሌላ ነው፤
ቶሎ ያልቃል፤ እሳቸው ግን ቶሎ አይጨርሱትም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ስብሰባ ነበር፣ ከውኃው ታንከር ጥላ ሥር።
ሰብሳቢው ወረቀት አወጣና አነበበ፦
«እንግዳ ያሳደረ በዚያው ሌሊት ያስመዝግብ፤
ጎረቤቱ ሲያሳድር ያየም እንደዚያው።
የምትደግፉ እጃችሁን።»
ጋሽ ሆርዶፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ አይሆንም።
ባለሱቁ ሙዘይን ሰዓቱን አየ፣ ሰዓቱ የቆመ ነው፦ አይሆንም።
ነፍሰ ጡሯ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ ልጁን ከውጭ በመዳፏ ሸፈነች።
መቶ ሠላሳ ሰው፣ አፉን ዘግቶ፣
አይሆንም፣ አይሆንም ይል ነበር፤
ሰብሳቢውም ወረቀቱን ሲያጥፍ ጣቱ እንደዚያው ይል ነበር።
ሰማን። መስማታችንንም ተሰማማን፣
በጆሯችን ምንም ብረት ሳይኖር።
ከዚያ እጃችንን አወጣን።
የኔም ወጣ፤ ቀድሞኝ የወጣ ይመስል ቀና ብዬ አየሁት።
ወይዘሮ ትብለጥም አወጡ፣ ያንን ሳህን የሚያጥቡበትን።
«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ።
ከታንከሩ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

እና አሁን፣ በጨለማው፣ «ምኑ?» ይሉኛል።
«ምንም» አልኳቸው። «መጽሐፍ ጨርሼ ነው።»
ዝም አሉ። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ሳቡ።
«መጨረሻው ደግ ነው?»
መቶ ሰማንያ ብሬ ትዝ አለኝ፣
ደራሲውን ልረግምላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
«አዎ» አልኩ። «የታሰሩት ሁሉ ይፈታሉ።»

ብዙ ቆዩ።
ከዚያ የቧንቧው ውኃ ተከፈተ፣
አንድ ሳህን፣
ቀጥሎ ሌላው።