ቆጣሪ አንባቢው መሬት ሲመርጥ

ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቆጣሪ ሳነብ ኖርሁ፣
ከሄርማታ እስከ ቆጪ፣ የሰው ውሻ እየፈራሁ።
ጡረታ ወጣሁና ለራህመት ነገርኳት፦
«ሽቦ የማይደርስበት ጎጆ እንቀልስ» አልኳት።
አልተከራከረችም። ጫማዋን አጠለቀች፣
«አፈሩ ያንተ፣ ውሃው የኔ ፈንታ ነው» አለች።

ዴዶ ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤
ደላላው «ምንጩ በበጋም አይነጥፍ» ብሎ ይምላል።
ራህመት ምንጩ ዳር የተሰለፉትን ጀሪካኖች አየች፣
ቆጠረች፤ አርባ አንድ። ምንም ሳትል ተመለሰች።

ቀርሳንም ተውነው። ከግቤ የመጣው ግዙፍ ምሰሶ
ከጎጆዎቹ በላይ ያልፋል ሽቦ ለብሶ፤
ከሥሩ ግን
ኩራዝ።

ጌራ ስንደርስ መሽቷል። አባ ዋጂ ጫካው ዳር ተቀበሉን፣
ሳንጠይቃቸው የቦታውን ጉድ ዘረዘሩልን፦
«በቆሎህን ጦጣ፣ ጎደሬህን ከርከሮ ይካፈልሃል፤
ሐምሌ ላይ መንገዱ የለም፤
ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በቃሬዛ ነው፣
አንዳንዷም አትደርስም።
ምንጩ? እሱስ አባቴንም አጠጥቷል።»

ከዚያ ፋኖሳቸውን ከፍ አድርገው ካፖርቴን አዩት፣
ደረቴ ላይ የደበዘዘውን የመብራት ኃይል ምልክት።
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደሚለማመጥ ሰው፦
«ለመሆኑ ልጄ፣ መብራቱ የሚገባልን መቼ ነው?»

አፈሩን እንደጨበጥኩ ቀረሁ።

ራህመት ምንጩ ላይ አጎንብሳ ጠጣች፣
አፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፦
«እዚህ ነው» አለች።

እኔ ካፖርቴን አውልቄ፣
ገልብጬ ለበስኩት።