ጨውና እጀታ

ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ፣ በቸርችል ጎዳና ዳር፣
የጥቁር አንበሳ ማዘዣ የያዘ ሁሉ የሚገፋው በር፣
ደወል ያለው፣ ማጠፊያው የላላ፤
እዚያ ነኝ እኔ፣ ከመስታወቱ ኋላ።

ጋሽ ድንበሩ በወር አንዴ ይመጣል፣ ደሞዝ እንደሚቀበል ሰው፣
ጥፍሩ ሥር የጎማ ብናኝ፣ ሌባ ጣቱን ሐምራዊ ቀለም ያቀለመው።
ማኅተም ቀራጭ ነው፤ ከማዶ፣ ባንድ ክንድ ሱቅ፣
የእድሩን፣ የቀበሌውን፣ የማኅበሩን ስም ገልብጦ ሲፍቅ
ዕድሜውን የፈጀ፣ ፊደል ከኋላ ማንበብ የለመደ፤
ደሙ ደግሞ አንድ ቀን፣ ነጩን ያለ ልክ ወለደ።

የሚውጠው የህንድ ነው፣ ከሃይደራባድ፤
ዋጋው ቢጎረብጥም፣ ቤት አሽጦ የማያሰድድ።
የፈረንጁን ያየሁት አንዴ ነው፣ በአንድ መንገደኛ ሻንጣ፤
ያው ፍሬ፣ ያው ሥራ፤ ዋጋው ግን ሰማይ የወጣ።

“ለምን?” አለኝ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ በሩን ዘግቶብን፣
ወረፋው ተበትኖ፣ መብራት ጠፍቶብን።
ከወንድሜ የሕግ ወረቀቶች የቃረምኩትን
በስልኬ ብርሃን ነገርኩት፤ እኔ የገባኝን።

እዚያ አገር፣ አልኩት፣ በፓተንት ሕጋቸው፣
ክፍል ሦስት ላይ፣ ፊደል «መ» የምትባል አለቻቸው።
የታወቀን መድኃኒት ጨውን ለውጦ፣ ክሪስታሉን አዙሮ፣
«አዲስ ፈጠርኩ» ብሎ ለሃያ ዓመት ሊከልል፣ አጥሮ፣
ለሚመጣ ሁሉ ትጠይቀዋለች፤ «ይሁን፤ ካምናው ይበልጥ ያድናል?»
መልስ ከሌለው፣ ፋይሉን አቅፎ ይመለሳል።
አንድ ትልቅ ኩባንያ፣ ለደም በሽታ መድኃኒት፣ ብዙ ዓመት ተሟግቶ፣
ዴልሂ ላይ ተረታ፣ እስከ ላይኛው ችሎት ወጥቶ።

ሳቀ። ሳል ያለበት ሳቅ። ከኪሱ ማኅተም አወጣ፣
ያዘዘው ሰው ሳይወስደው የቀረ፣ ሒሳቡ ያልመጣ።
“እጀታ ተሰብሮበት ይመጣል ሰዉ” አለ፣
“በዋንዛ እቀይርለታለሁ፤ ያምራል፣ ተሞርዶ ስለተሳለ።
የእጀታ አስከፍላለሁ። ስሙን ግን እኔ አልፈጠርኩም፤
‘ማኅተሙ የኔ ነው’ ብዬ ዳኛ ፊት አልቆምኩም።
ደግሞስ ይህ ነገር እኛ ዘንድ ድሮ ተፈርዶ የለ?
‘ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ’ እየተባለ!”

የዴልሂዎቹ ዳኞች አማርኛ አያውቁም።
እኔም የእነሱን አላውቅም።

ያልነገርኩት አለ። ወንድሜ እንደሚለው ደንቡ ሰሞኑን ተነካክቷል፣
ፓተንቱ ሳይሰጥ ለመቃወም የሚመጣ፣ ገና ከደጁ ይከፍላል።
የንግድ ውል በተፈራረሙ ቁጥር፣ በተዘጋ በር፣
ያቺ «መ» እንዳትፋቅ የሚሰጋ አለ፤ በስለት ሳይሆን በብር።
ደግሞ አስመጪያችን ስልክ አያነሳም፤ ኤልሲው ባንክ ተኝቷል፤
መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ካርቶን፤ አምስት ሰው ስሙን አስመዝግቧል።
ሕግ እዚያ የከፈተውን በር
እዚህ የዶላር ወረፋ ይቆምበታል፣ ሲጠባበቅ፣ ሲያድር።

መብራት መጣ። ጋሽ ድንበሩ ካርቶኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እንደሚገምት ሰው ዋጋ።
የምድብ ቁጥሩ ተንሻፏል፤ የስምንቷ ግማሽ የለም።
“ይህን ያተመው” አለ፣ “ደክሞታል፤ ወይ አልቆበታል ቀለም።
የሌሊት ፈረቃ ሳይሆን አይቀርም።”

ሃምሳ ብር ጎደለው። ተውኩለት።
ካርቶኑን በፌስታል፣ ፌስታሉን ደረት ኪሱ ከቶ፣
ወደ ለገሃር ወረደ፣ የጎርፉን ዳር ዳር፣ ጃንጥላውን ረስቶ።

ማኅተሙንም ረስቷል። ባንኮኒዬ ላይ።
በደረሰኝ ጀርባ መታሁት፣ እንዴት እንደሚወጣ ላይ፤
የአንድ ሰፈር መረዳጃ እድር፤ ክቡ ሙሉ፣ ጠርዙ የጠራ፣
መሐል ላይ ግን አንዷ «መ»
ፊቷን አዙራ፣ ወደ ግራ።