የእጅ መጠን

ሳራዬቮ፣ ጥቅምት፣ የመዳብ ቀጥቃጮች መንገድ።

ከሚልያትስካ ማዶ፣ ካለው ምኩራባቸው፣
ሁለት ሰዎች መጡ፣ ዝናብ እየመታቸው፤
ገንዘብ ያዡ አቲያስ፣ መዝገብ በብብቱ፣
በተራመደ ቁጥር ጫማው፣ ውኃ ሲተፋ ከስፌቱ፤
ከኋላው ቲያ ሪፍካ፣ ልብስ ሰፊ አሮጊቱ።

«የድሮው ቆርቆሮ ዝጎ ተቀደደ፣
በታቹ እየሾለከ ሳንቲሙ ነጎደ።
አዲስ ሥሪልን» አለ፣ «ከመዳብ ቀጥቅጠሽ፣
ለዐይን የሚሞላ፣ ቅርጽና መልክ ሰጥተሽ።»
«ስሙስ?» አልኩ።
«ጸዳቃ።»
ስጦታ ነው? ስለው፣
«አይደለም» አለኝ ቆጣ ብሎ፣ «ዕዳ ነው የምንከፍለው።
ጽድቅ ካልሽው ጽድቅ ነው፤ ቸርነት ግን አይባል፤
ያለው ለሌለው ሰው፣ የራሱን ይመልሳል።»

አባቴ ለመስጊድ ፋኖስ፣ ለቄሱ ጽና ሠርቷል፤
የዕዳ ማስቀመጫ ግን፣ ምን ዓይነት መልክ ይኖረዋል?

ሦስት ወር ሣልኩ።
መጀመሪያ ዛፍ ሠራሁ፣ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው፣
ሳንቲም በጣሉበት ቁጥር፣ ቅጠሉ የሚርገበገበው።
አቲያስ አጨበጨበ። ቲያ ሪፍካ መነጽሯን አወለቀች፤
«ዛፉ ነው የሚመሰገን፣ የተራበው አይደል» አለች።
ሁለተኛው እጅ ነበር፣ ከግድግዳ የወጣ፣
ጣቶቹን የዘረጋ፣ «ስጡኝ» እያለ የመጣ።
እኔው አፍሬ አቀለጥኩት፤ ከመዳብ ለማኝ ባበጅ፣
ማን ሊያየው ነው ከእንግዲህ፣ የለማኙን እውነተኛ እጅ?

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ በረዶ መንገድ ሲዘጋ፣
ቲያ ሪፍካ ብቻዋን መጣች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ።
«እጅሽን ስጪኝ» አለች። ጨብጪ አለችና ለካች፣
ባዶውን ለካች፤
ሳንቲም አስይዛም ለካች።
«አየሽ» አለች፣ «ያው ነው።»

«በከበባው ክረምት፣ ሾርባ ሲታደል በተራ፣
ጣሳዬን ይዤ ቆምኩ፣ ከሰፈር ሰው ጋራ።
ረሃቡን ቻልኩት እኔ፤ ያልቻልኩት የሰው ዐይን ነበር፤
ሰጥቼው የሚያውቅ ጎረቤት፣ ስቀበል አየኝ ከበር።
እንግዲህ አፉን አስፊው፤ ክንድ ይግባ እስከ ክርኑ፣
ሁሉም ጨብጦ ይግባ፣ ጨብጦ ይውጣ፣ አንድ ይሁን መጠኑ።
ማን ጣለ ማን አነሣ፣ እሱን ለእግዜር መተው ነው።»

አቲያስ ሰምቶ ገነፈለ፦ «ሌባስ? መዝገቤስ?
ወር ሲሞላ ምን ልጻፍ? ባዶ ሆኖ ቢገኝስ?»
«ባዶ ከሆነማ ሠራ! የራበው አገኘ፣ በላ፤
አንተ መጀመሪያ ሙላው፣ መዝገብህን ጻፍ ኋላ።»

ከአሮጌ ጣሪያ የተነቀለ መዳብ ገዛሁ፣
አረንጓዴውን ሳልፍቅ፣ እንዳለ ቀጠቀጥኩት።
ቅርጹ እጅጌ ሆነ፤ የትልቅ ካፖርት እጅጌ፣
ጫፉን እንደ ስፌት አጠፍኩት፣ ሦስቴ አፍርሼ፣ ሦስቴ አድርጌ።
ውስጡን እሷ ለበጠችው፣ በጥቁር የሱፍ ጨርቅ፣
ሳንቲም ወድቆ እንዳይጮህ፣ የሰጪው ልክ እንዳይታወቅ።
ልጆቹ ብቻ ቅር አላቸው፤ ኳኳታው ነበር ደስታቸው፤
ከዚያ ዝገታም ቆርቆሮ ቁራጭ፣ ከሥሩ አንጠለጠልኩላቸው።

ዓርብ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ከበሩ በስተግራ ሰቀልነው።
ሰዉ ወደ ውስጥ አለፈ።
እኔ ከመሰላሉ ሥር፣ ዕቃዬን ስሰበስብ ሳለሁ፣
አቲያስ ተመልሶ ሲመጣ አየሁ።
መዝገብ አልያዘም። ክንዱን ከተተ እስከ ክርኑ፤
ቆየ።
ወጣ እጁ፣ እንደተጨበጠ፣ ያው የለካነው መጠኑ።
ከዚያ ጫማው፣ በደረጃው ላይ፣
ጭልቅ፣ ጭልቅ፣ ጭልቅ።

እኔ ፊቴን አዙሬ፣ የተረፉኝን ብሎኖች ቆጠርኩ፤
አራት፣ አምስት…
እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።