በየኅዳሩ አንድ መስመር

ቫልፓራይሶ፣ አሳንሰሩ ኮረብታውን ታክኮ ወጥቶ በሚቆምበት፣
የባሕር ጨው ሽቅብ መጥቶ ቆርቆሮ በሚልስበት፣
አንድ ግድግዳ አለ፣ ገበታ የተሣለበት።

መሐል ላይ አንድ ዓሣ፣ ዙሪያውን አምስት ሰው።
ሂሜና ናት የሣለችው፤
ወደብ ወርዳ የመርከብ ስም ጽፋ ስትመለስ
ከቆርቆሮ ጣሳ ሥር የምትጠርገውን ትራፊ ቀለም ይዛ፣
ጥቁሩን በላምባ አቅጥና፣ ቀዩን በአውራ ጣቷ አደብዝዛ።
ራሷን ጀርባዋን ሰጥታ ሣለች፣
"የኔን ፊት ዓሣው ይየው" ብላ ሳቀች።

ያን ማታ በእውነትም የነበረን አንድ ዓሣ ነው።
ኤድቪሂስ ጭንቅላቱን አነሣች፣ "እኔ የምወደው ይኼን ነው"
ብላ ዋሸች።
ባልዶሜሮ ከክሬኑ ሥራ የተባረረ ሰሞን ነበር፤
እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን ወደኔ ገፋው።
ኦርቴንሲያ የሟች ባሏን ካፖርት ደረበችልኝ፣
እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ተንጠለጠለ።
አሥራ ስድስት ዓመቴ። አባቴ በሩን ከዘጋብኝ
ሦስተኛ ሌሊቴ።
ስሜን የጠየቁኝ በማግሥቱ ነው፣
ከጠገብኩ በኋላ።

አንድ ቀን ሕዝብ ቆጣሪ መጣ፣ መዝገቡን ዘርግቶ፣
"ዝምድናችሁ ምንድን ነው?" አለ፣ እስክሪብቶ ከጆሮው አንሥቶ።
ተያየን። እናት? የለም። ወንድም? የለም።
በደም የሚመዘዝ አንድ ክር እንኳ በመካከላችን የለም።
ኤድቪሂስ በእጅጌው ጎትታ ግድግዳው ፊት አቆመችው፤
"ይኸውልህ፣ ቅዳው" አለችው።

በየኅዳሩ፣ ቆርቆሮው በፀደይ ፀሐይ መጋል ሲጀምር፣
ሂሜና መሰላል ትወጣለች፤ ለያንዳንዳችን አንድ መስመር።
ለኦርቴንሲያ ሽበት። ለኤድቪሂስ የወለቀ ጥርስ።
ለኔ ጢም፣ ኋላም የጢም ጭጋግ።
"እንዳታቆላምጪን" ይላል ባልዶሜሮ፣ ከታች መሰላሉን ይዞ፣
"ቦርጬንም አትርሺ፣ በስንት ዳቦ የገዛሁት ነው!"

በሰባተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ ዝናብ ደረጃውን በሚያጥብበት ሌሊት፣
ሳሉ ቆመ።
የቀሰቀሰን ዝምታው ነው።

ኅዳር አልቀረም፤ መጣ። ሂሜና ወጣች።
የኔን ሣለች፣ የሁለቱን ሣለች፣
ከሱ ፊት ስትደርስ ብሩሹ እጇ ላይ እስኪደርቅ ቆየች።
"እሱን ጊዜ ለቆታል" ብላ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ እኛ ብቻ እናረጃለን።
ሽበቴ ሽበቱን አለፈው።
አባት ሊሆነኝ ይችል የነበረው ሰው
አሁን ታናሼ ነው፤
አንዳንዴ አምሽቼ ስገባ፣ ትንሽ ቀምሼ፣
"ብላ እንጂ ልጄ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል" እለዋለሁ።

አምና የሂሜና እጅ ቀለሙን መድፋት ጀመረ፤
ብሩሹን ኪሴ ውስጥ ከተተችው፣ ምንም ሳትናገር።
ወጣሁ። ኤድቪሂስ መሰላሉን ያዘችልኝ፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ እውነቱ ሲነገር
መሰላሉ ነው እሷን የያዛት።

ተጠጋሁ። ጨው ቀለሙን በጥርሱ ነክሶታል።
ከባልዶሜሮ ዓይን ጥግ፣ ሚስማሩ ካለበት፣
ዝገት ወርዷል፤
ቀጭን፣ ቡናማ፣ እስከ ጉንጩ፤
ማንም ያልሣለው መስመር።

"ልሸፍነው?" አልኩ ወደ ታች።
ኤድቪሂስ አንገቷን አቀናች፣ ዓይኗን አጠበበች፣
ብዙ አየችው።
"ተወው" አለች፤
"እያዘገመ ደረሰብን።"