መነሻ፦ ሲመቸን

ሥራዬ ሰዓት ነው፤ በዉስተር ከተማ
አውቶቡስ ሲዘገይ ስሜ ነው የሚሰማ።
«ሰባት ቁጥር ወጣች? ዘጠኝስ ደረሰ?
የቀረ ሹፌር አለ? ማን ተመለሰ?»
እንዲህ ስል ውዬ ቤት ስገባ ማታ፣
ትርንጎ ደረጃው ላይ ጫማዋን ፈትታ፣
ከድርብ ፈረቃ ያበጠ እግሯን ይዛ፣
«እረፍት እንውጣ» አለች፣ ድምጿ ሁሉ ፈዛዛ።
«ሦስት ቀን፣ ሦስት ብቻ፣ ተራራ ሥር ልተኛ፣
አንሶላዬን ያንጥፍ ሌላ ሠራተኛ፤
ከሆስፒታል ደውሎ ማንም አይፈልገኝ፣
ቁርስ የሚባል ነገር ተሠርቶ ይጠብቀኝ።»

ቦታውን አገኘች ሶልያና ፈልጋ፦
አሮጌ ሆቴል ነው፣ መቶ ሠላሳ አልጋ፣
ኒው ሃምፕሻየር ዘልቆ፣ ጥድ የደገፈው፣
ከሁለት ቃጠሎ ዕድሉ ያተረፈው።
ባቡር በነበረ ጊዜ ባለጸጎች
ሳንዱቅ አሸክመው፣ ከነሞግዚቶች፣
የከተማ ሙቀት ሸሽተው የከረሙበት፣
ከጥቅምት በኋላ በር የሚዘጋበት።
የመንደሩ ስም ግን ቤተልሔም ነው።

ጋሽ ተካልኝ፣ አማቴ፣ ቀና አሉ ሰምተው።
«ቤተልሔም? እኔ ዲያቆን ሳለሁ አውቃለሁ፣
የመገበሪያውን ስንዴ ፈጭቻለሁ፤
ሴት አትደርስበትም!»
                 «አባዬ፣ ይኼኛው ያስገባል፣
ለአንድ አዳር ሁለት መቶ ስልሳ ያስከፍላል።»
«ለአዳር?» አሉ። «ጌታ በነጻ አይደል ያደረው፣
ያውም በግርግም ውስጥ፣ ከብት እያሞቀው!»
እራታችንን ሳቅ አቀዘቀዘው።

እኔ ግን ልማዴ ነው፤ ሰሌዳ ዘረጋሁ፣
አርብን እስከ እሑድ በደቂቃ አደራጀሁ።
ሁለት ሰዓት፦ ቁርስ። ሁለት ተኩል፦ ጉዞ።
አራት፦ ፏፏቴ፣ ጋሽ ተካልኝን ይዞ።
ስድስት፦ በገመድ መኪና፣ ወደ ላይ፣ ሽቅብ።
(ለናትኒም ሽንት አምስት ደቂቃ ትርፍ።)
እረፍት፦ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥር ከሩብ።

ሶልያና አነበበች፤ ዓይኗን ሰቀለች፣
«ባባ፣ ሆቴል ነው ወይስ መናኸሪያ?» አለች።
ናትኒም ጣቱን ሰድዶ ሰሌዳውን አሰሰ፣
«ድቡ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ አለቃቀሰ።
ትርንጎ ዝም አለች። ጫማዋን አጥልቃ
ወደ ሥራ ወጣች፣ በሩን በቀስታ ዘግታ፣ ርቃ።

ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ለሆቴሉ ደወልኩ።
አንዲት አሮጊት አነሡ፤ እስክሪብቶ ጨበጥኩ።
«መዋኛ አላችሁ? ፈረስ? የጀልባ ሽርሽር?»
ዝም አሉ። ከወዲያ ሳንቃ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።
«ወንበር አለን» አሉ።
«ምን?»
«ወንበር። የሚወዛወዝ። በረንዳው ሙሉ።
ስልሳ ሁለት ናቸው፤ ተራራውን ያያሉ።»
«ሌላስ?»
«ሌላማ... ጠዋት ጠዋት ጭጋግ አለ።»
«መነሻው ስንት ሰዓት ነው?» አፌ ቀደመኝ፣ እንዲህ አለ።
አልሳቁብኝም። ቆይተው፣ ረጋ ብለው፣
«ሲመቸው» አሉኝ፣ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ነው።

በመስኮት ሳይ ሰባት ቁጥር መጣች፣
አራት ደቂቃ አርፍዳ፤ ሰው አውርዳ ሄደች።
ማንም አልጮኸ። አንዲት ሴት ብቻ
ቦርሳዋን አስተካክላ ተሻገረች፣ ቀስ ብላ፣ ለብቻ።

ማታ ላጲስ ይዤ ገባሁ ሰሌዳው ላይ።
ፏፏቴው ጠፋ፣ ገመዱም ቀረ ከላይ።
ያቺን የሩብ ሰዓት እረፍት ጫፏን ይዤ
ጎተትኳት እስከ እሑድ፣ ልክ እንደ ሊጥ መዝዤ።
ከራሱ ላይ ጻፍኩ፦ «መነሻ፦ ሲመቸን»፣
ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ተኛን።

ጠዋት ከሥሩ የትርንጎ እጅ ጽፏል፣
(የነርስ ጽሑፍ ነው፣ ግማሹ ተውጧል)፦
«የአባዬ ኪኒን። የናትኒም ቦቲ። ሹራብ።
አንተ፦ ተቀመጥ።»

እሺ፣ እቀመጣለሁ። ቃሌ ነው፤ አልቀጥፍም።
ሰዓቴን መሳቢያ ውስጥ ትቻለሁ፣ አልደብቅም።
ግን ተራራ ነውና፣ ቢዘንብስ? ብዬ
አምስት ጃንጥላ ጭኛለሁ፣
                      ከጎማው ሥር ሸሽጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ።