አምስት ማይክሮን

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ፓምፑ ያቃስታል፣
የግፊቱ መለኪያ እጅ ወደ ቀዩ ይሳባል።
«ታፍኗል» አለ ገለታ፣ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ፤
የብረቱን ጋን ከፈተ፣ ክዳኑን በደረቱ ገፍቶ።

ፊተኛው የክር ነው፦ በቀዳዳ ዘንግ ላይ የተጠቀለለ፣
ነጭ ሆኖ ገብቶ ነበር፣ የባልቴት ድውር የመሰለ።
በዘጠኝ ቀን ሸክላ ሆነ። ክረምት ነዋ፤ አዋሽ ጠግቦ
ከላይ አገር የታረሰውን ያወርደዋል ጠርጎ ሰብስቦ።
በጥፍሩ ጫረው ገለታ፤ «ይሄ» አለኝ «የሰው ማሳ ነው፤
ባለቤቱ ዘንድሮ የት ዘርቶ ይሆን? ማን ባወቀው!»

ሁለተኛው ሽንሽኑ ነው፤ ሲታይ ከክንድ አይበልጥም፣
እጥፉን ፈትተህ ብታነጥፈው ግን ይህ ክፍል አይበቃውም።
ታጥቦ ይመለሳል እሱ። ሁለት ሦስቴ ይታገሣል፣
በአራተኛው እንደ ሰው ነው፤ ካለቀ አልቋል፣ ይጣላል።

ሦስተኛው ከሰል። ጥቁር። ጭቃ አይደለም፣ ሽታ ነው ሥራው፤
ክሎሪኑን ምጎ ምጎ እስኪጠግብ ድረስ ነው ዕድሜው።
መቼ እንደጠገበ ዓይን አያይም፤
ገለታ በአፍንጫው ያውቃል፣ መመሪያው ላይ ይህ የለም።

መጨረሻ ላይ ስሱ፣ ከጠርሙሱ በር የቆመው፣
ተህዋስ እንኳ የማያሳልፍ፣ በባዶ እጅ የማይነካው።
የንብረት ክፍሏ ብዙወርቅ ሦስት ቦታ አስፈርማ ነው
የምትሰጠን፤ «ተጠንቀቁ፣ ከደሞዛችሁ ይበልጣል ዋጋው!»

ሳቅን።
ሲስቅ ጥርሱ ታየኝ፣ በባትሪው ብርሃን፦
ቡናማ፣ በመስመር የተሸረፈ፣
የወንጂ ጉድጓድ ውሃ ልጅነቱን የጻፈበት።
«ይሄንንስ» አልኩት፣ «ከእነዚህ የቱ ይይዘዋል?»
«አንዱም» አለ። «ጭቃ ይያዛል። ዝገት ይያዛል።
የሟሟ ነገር ግን በክሩ መሀል ዘና ብሎ ያልፋል።
ለእሱ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ትልቁ ማሽን ነው፤
እነዚህ ዘበኞቹ ናቸው፣ እንዳይታነቅ የሚጠብቁት።»

አዲሱን አስገባን። ላስቲኩን በውሃ አርሶ
ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው፣ እንደ ዓይነ ስውር፣ ቀስ ብሎ።
መለኪያው ወደ አረንጓዴ ተመለሰ።
መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «ዘጠኝ ከአርባ። ክር፣ አምስት ማይክሮን፣ ተቀየረ።»

ሊነጋ ሲል፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳ፣
ወረቀታቸው ተንጋዶ የተለጠፈባቸውን፣
ለሽያጭ የማይወጡትን ስድስት ጠርሙሶች
በፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ።
ልጁ ሲፈን ትናንት የመጀመሪያ ጥርሷ ወልቆ
ጣሪያ ላይ ወርውራዋለች።
«አዲሱ እስኪወጣ» አለኝ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣
«ከዚህ ትጠጣለች።»