ከዘፈኑ በፊት

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከኮዬ ፈጬ ጫፍ፣
ኮንዶሚኒየሙ ከጤፍ ማሳው አፋፍ፣
አራተኛ ፎቅ ነኝ። ሊፍቱ ጉድጓድ ነው፣ እርግብ የወረሰው፤
ውሃ በሳምንት ነው፣ ማክሰኞ፣ ለደረሰው።

ከታች ከጥበቃው ቤት፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
እንየው ይኖራል፤ ሌሊቱን በዱላ፣
ቀኑን በመላጊያ፤ እንጨት እየፋቀ፣
ከዋንዛ ጉማጅ ውስጥ ማሲንቆ እየጠበቀ።

የቱፋን ጋሪ ፈረስ፣ ዳማውን፣ ሲኖትራክ ገጨው፤
ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ፣ ጅብ ሳይቀድመው፣
ቱፋ ፊቱን ሲያዞር፣
እንየው ጭራውን ቆርጦ በፌስታል አመጣው።
«ክር ነው» አለኝ። እኔ ያየሁት ግን ፈረስ ነው።

በዚያው ሰሞን ነበር ወንድሜን የቀበርኩ፤
ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ሲያለቅስ፣ እኔ ቆጠርኩ፤
የድንኳኑን ካስማ፣ የእድሩን ወንበር፣
የበላውን ሰው ልክ፣ የስንት ብር ምስር።
ዓይኔ ደረቅ ነበር። «ጨካኝ ናት» ተባለ።
ሐዘኑ የት ሄደ? ካለስ፣ የት ነው ያለ?

በአርባው ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ጀሪካን ተሸክሜ፣
ደረጃውን ስወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀረሁኝ ቆሜ።
እንየው ክር ያጠብቃል። ዘፈን አልጀመረም፤
ግጥም የለ፣ ዜማ የለ፣ ትዝታም አልነበረም፣
ባቲም አምባሰልም። አንዲት ድምፅ ነበረች፣
ከፍ ስትል፣ ዝቅ ስትል፣ ቦታዋን ያጣች፣
ደርሳ የምትስት፣
ስታ የምትመለስ፣
አለቀስኩ። ከዘፈኑ በፊት። ገና ሲቃኝ።
ጀሪካኑን ተደግፌ፣ ሰው ቢያየኝ ባያየኝ።

ወርጄ ጠየቅሁት፦ «ምን እያሰብክ ነበር?»
(ትልቅ ነገር ጠብቄ፤ የሞተች እናት፣ የከዳ ፍቅር።)
«ተራዬን» አለኝ፤ «የውሃ ተራዬን።
የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ቀድማኝ እንዳይሆን።»

እንግዲህ ሐዘኑ የማን ነው?
የፈረሱ አይደለም፤ ጭራ ለዝንብ ነው የተሰጠው።
የፍየሏም አይደለም፤ ቆዳዋ ተወጥሮ ምን ያውቃል?
የእንየውም አይደለም፤ እሱ ልቡ ቧንቧው ጋ ተሰልፏል።
የእኔ ነው እንዳልል፣ እኔ ጋ ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤
በድንኳኑ፣ በመቃብሩ፣
በፎቶው ፊት ተቀምጬ ራሴን ቆንጥጬዋለሁ።

ዜማ ባዶ ዕቃ ነው የሚል ሰው አውቃለሁ፣
የሞላኸውን ይሰጥሃል የሚል። እኔ ጀሪካን አውቃለሁ፣
እጄ እስኪላጥ። ጀሪካን የሰጡትን ነው የሚመልሰው፣
ትንሽ ይጎድላል እንጂ አይጨምር።
ያቺ ድምፅ ግን ያልሞላሁትን ቀዳችልኝ።

ቅኝት ይሉታል። ወታደርም ቅኝት ይወጣል፤
ሌሊት፣ ሳይተኩስ፣ በሆዱ እየዳኸ፣
ማን የት እንደተኛ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል።
እንደዚያ ገብታ ይሆን፣ በጎን አጥንቴ መሃል፣
«እዚህ ነው» ያለችው?
ወይስ አልነበረም፣ እሷ ናት በዚያች ቅጽበት የወለደችው?
አላውቅም። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤
አንዱን ስመርጥ ሌላው ያመኛል።

ሌሊት ቧንቧው ያፏጫል። መጀመሪያ አየር ነው፤
ብሎኩ በሙሉ ይነቃል፤ «መጣ!»፤ ባልዲ ይንኳኳል፤
ያ ፉጨት ትርጉም አለው፤ ትርጉሙም ውሃ ነው።
የማሲንቆው ግን? ከፍተን ብንጠብቅ ምን ይወርዳል?
ምንም። ግን እኔ ረጥቤያለሁ።

ያለፈው ማክሰኞ ቧንቧው ሲጀምር፣ ከታች እንየው ሰማና
ክሩን በፉጨቱ ልክ ቃኘው፤ አንድ ሆኑ።
ባልዲዬን ይዤ መስኮቱ ላይ ቆየሁ።
ውሃው መምጣት አለመምጣቱን አላስታውስም።

ሲነጋ ቱፋ አለፈ፤ ግራጫ ፈረስ ገዝቷል፤ አሸዋ ጭኗል።
ጭራውን አየሁት፣
ዝንብ ያባርራል።